ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ የኤስኤስኤች ቁልፍ ፓስፍሬዝ በየታቡ እየጠየቀኝ ነው

ደጀን_ኮድ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቢሮ የምሠራበት ዴስክቶፕ ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው፣ ጊኖም የሚባለው የዴስክቶፕ ገጽታ ያለበት። የጊት (የኮድ ስሪት መያዣና ማጋሪያ) ሥራዬ በሙሉ በኤስኤስኤች ቁልፍ፣ ማለትም በፓስወርድ ፋንታ ማንነቴን ለሰርቨሩ በሚያረጋግጥ ፋይል ነው የሚሄደው። ቁልፉ ኢዲ25519 የሚባለው ዓይነት ነው፣ ፓስፍሬዝ (ፋይሉን የሚቆልፍ የሚስጥር ሐረግ) አለው።

ኮድ ከሰርቨር ለማምጣት ጊት ፑል ባልኩ ቁጥር ፓስፍሬዙን ይጠይቀኛል። ወደ ሰርቨር ለመላክ ፑሽ ስልም ያው። በእጄ ኤስኤስኤች-አድ ብዬ ካስገባሁት ያ የተርሚናል ታብ ጸጥ ይላል፤ አዲስ ታብ ስከፍት ግን እንደገና ይጠይቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «ፓስፍሬዙን አንሳውና ተገላገል» ይለኛል። እኔ ማንሳት አልፈልግም። ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ሰውም ይቀመጣል። መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲገባ ተብሎ ደግሞ ያለ ፓስወርድ ነው የሚከፈተው። ፓስፍሬዙ ሳይነሳ ጥያቄውን ማስቆም ይቻላል?

ማሂ_ሊኑክስ ጻፈች፦

ይቻላል ደጀን። እንዳታነሳው።

መጀመሪያ ማን እየጠየቀህ እንደሆነ እንለይ። ተርሚናሉ ላይ የሚወጣውን መስመር ቃል በቃል አንብበው። «ለዚህ ቁልፍ ፓስፍሬዝ አስገባ» ብሎ የቁልፉን ፋይል አድራሻ ከጠራ፣ የሚጠይቅህ የራስህ ኮምፒውተር ነው። የተጠቃሚ ስም፣ የ«@» ምልክት፣ የሰርቨር ስም አስከትሎ ፓስወርድ ካለህ ግን የሚጠይቀው ሰርቨሩ ነው። ያ ማለት ቁልፍህን አልተቀበለም፣ ወይም ጭራሽ አልቀረበለትም። «ዩዘርኔም ፎር» ብሎ በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር አድራሻ ካመጣ ደግሞ ጊቱ በኤስኤስኤች እየሄደ አይደለም። ያኔ ቁልፍ ላይ ብትደክም ምንም አይለወጥም፤ የሚቀየረው የሪሞቱ (ኮዱ ያለበት ሰርቨር) አድራሻ ነው። ጊትሃብ ለጊት ሥራ የአካውንት ፓስወርድ መቀበል ያቆመው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 2021 ስለሆነ፣ እዚያ ፓስወርድ ብትጽፍም አያስገባህም።

ያንተ አጻጻፍ የመጀመሪያውን ይመስላል። እስቲ ሁለት የተለያዩ ታቦች ክፈትና በሁለቱም ላይ እነዚህን ሞክር። ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፣ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

ኢኮ $ኤስኤስኤች_ኦዝ_ሶክ
ኤስኤስኤች-አድ -ኤል

ከ$ ቀጥሎ ያለው የተለዋዋጩ ስም ሁሉም በትልልቅ ፊደል ነው። የሁለተኛዋ ኤል ትንሿ ናት። የሁለቱንም ታብ ውጤት ለጥፍልኝ።

ደጀን_ኮድ ጻፈ፦

አመሰግናለሁ ማሂ። የሚጠይቀው የቁልፉን ፋይል ጠርቶ ነው፤ ስለዚህ የራሴ ኮምፒውተር ነው።

ታብ አንድ፦ /ቲኤምፒ/ ሥር ያለ፣ መጨረሻው ኤጀንት.4121 የሚል አድራሻ።
ታብ ሁለት፦ እሱም /ቲኤምፒ/ ሥር ነው፣ መጨረሻው ግን ኤጀንት.4388።

ኤስኤስኤች-አድ -ኤል በሁለቱም ላይ ኤጀንቱ ምንም ቁልፍ እንዳልያዘ ይናገራል።

ማሂ_ሊኑክስ ጻፈች፦

ተገኘ። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያያቸው። የተለያዩ ናቸው። ሁለት ታብ፣ ሁለት ኤጀንት።

ኤስኤስኤች-ኤጀንት ማለት ቁልፍህን አንዴ በፓስፍሬዝ ከተከፈተ በኋላ በሜሞሪ ይዞ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኤስኤስኤችም ሆነ ጊት ቁልፉን ሲፈልጉ ፋይሉን ከመክፈት በፊት እሱን ይጠይቁታል። የሚያገኙት በአንድ የሶኬት ፋይል በኩል ነው፤ የሶኬቱ አድራሻ ደግሞ ኤስኤስኤች_ኦዝ_ሶክ በሚባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ይቀመጣል። ተርሚናል ሲከፈት አድራሻውን ከወለደው ፕሮግራም ይወርሳል። ሁሉም ታብ አንድ አድራሻ ከወረሰ አንድ ጊዜ የከፈትከው ቁልፍ ለሁሉም ይሆናል።

ያንተ ማሽን ግን ለእያንዳንዱ በር አዲስ ዘበኛ እየቀጠረ ነው፣ ቁልፉን ለማንኛቸውም ሳይሰጥ። አንዱ ታብ ላይ ኤስኤስኤች-አድ ስትል ለዚያ በር ዘበኛ ብቻ ነው የሰጠኸው። ሌሎቹ አያውቁም።

ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ~/.ባሽአርሲ (ባሽ የሚባለው የተርሚናሉ ትእዛዝ ተቀባይ ሲነሳ የሚያነበው ማዋቀሪያ ፋይል) ውስጥ የተጻፈ አንድ መስመር ነው፦

ኢቫል "$(ኤስኤስኤች-ኤጀንት -ኤስ)"

ይህ መስመር በየድረ ገጹ ይመከራል። ዴስክቶፕ በሌለው ማሽን ላይ ለአንድ ጊዜ ሥራ ቢጠቀሙበት ክፋት የለውም። ባሽአርሲ ውስጥ ሲገባ ግን ባሽ በተነሳ ቁጥር አዲስ ኤጀንት ይወለዳል። ታቡን ስትዘጋውም አይሞትም። ፒግሬፕ -ኤል ኤስኤስኤች-ኤጀንት ብትል በርካታ ሥራ ፈት ኤጀንቶች ታያለህ ብዬ እገምታለሁ።

ፈልገው፦ ግሬፕ -ኤን ኤስኤስኤች-ኤጀንት ~/.ባሽአርሲ ~/.ፕሮፋይል ~/.ባሽ_ፕሮፋይል። ካገኘኸው መስመሩ እንዳይሠራ ከፊቱ # አድርግ። ከዚያ ሎግ አውት ብለህ ተመልሰህ ግባ። ታቡን ብቻ ዘግቶ መክፈት አይበቃም፤ ከዴስክቶፑ ራሱ ውጣ።

ፍጥነት_09 ጻፈ፦

ጓዶች ይህን ያህል ምን አስጨነቃችሁ? ኤስኤስኤች-ኪይጄን -ፒ በሉ፣ የድሮውን ፓስፍሬዝ ስጡ፣ አዲሱን ባዶ አድርጋችሁ ኢንተር። አለቀ። እኔ ስንት ዓመት እንደዚያ ነው የምሠራው፣ ምንም አልሆንኩም።

ረድኤት_ሲስአድሚን ጻፈ፦

ፍጥነት፣ ትእዛዙ ልክ ነው፤ ምክሩን ግን አልቀበለውም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ፓስፍሬዝ የሌለው የቁልፍ ፋይል በእጁ የገባ ሰው ሁሉ አንተን ሆኖ ይገባል። ማሽኑን መስረቅ አያስፈልገውም። ሆም ፎልደሩ ወደ ፍላሽ የተገለበጠበት ባካፕ ይበቃል። ለጥገና የተሰጠ ሃርድ ዲስክ ይበቃል። ሳይታሰብ ወደ ሪፖ (የጊት ኮድ ማከማቻ) የተገፋ ፋይልም እንደዚያው። ሰርቨሮቹ ላይ ቁልፉ መሰረዙን እስክታረጋግጥ ድረስ በሩ ክፍት ነው። የደጀን ማሽን ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ፋይሉን ኮፒ ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ፓስፍሬዝ ካለው ግን ሌባው የሚያገኘው የተቆለፈ ፋይል ነው። ባለቤቱ እስኪነቃና አዲስ ቁልፍ እስኪያወጣ ጊዜ ይሰጠዋል። ኤጀንት የተሠራው እኮ ለዚሁ ነው፦ ፋይሉ ዲስክ ላይ እንደተቆለፈ ይቀመጥ፣ ሰውየው ደግሞ በየደቂቃው አይጠየቅ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሁላችሁም ይጠቅማል። የቁልፍ ፋይላችሁን የመጀመሪያ መስመር እዩ። «ቢጊን አርኤስኤ ፕራይቬት ኪይ» ካለ አሮጌው ፎርማት ነው። የፓስፍሬዙ ጥበቃ ደካማ ነው፣ በፍጥነት ብዙ ግምት መሞከር ይቻላል። «ቢጊን ኦፕንኤስኤስኤች ፕራይቬት ኪይ» የሚለው አዲሱ ነው። ቢክሪፕት የሚባል ሆን ተብሎ የዘገየ ስሌት ስለሚጠቀም እያንዳንዱን ግምት ያዘገየዋል። ኤስኤስኤች-ኪይጄን ከኦፕንኤስኤስኤች (የኤስኤስኤች ፕሮግራሙ) ስሪት 7.8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2018 ወዲህ፣ ሳይጠየቅ በአዲሱ ነው የሚጽፈው። ቁልፋችሁ የቆየ ከሆነ ኤስኤስኤች-ኪይጄን -ፒ ብላችሁ ያንኑ ፓስፍሬዝ መልሳችሁ ስጡት፣ ፋይሉ በአዲሱ ፎርማት ይጻፋል። ቁልፉ ራሱ አይለወጥም። ሰርቨሮቹ ላይም ምንም አትነኩም።

ደጀን_ኮድ ጻፈ፦

ማሂ፣ ልክ ነሽ። መስመሩ ባሽአርሲ ውስጥ ነበር፤ ቢሮው ለአዲስ ማሽን ሁሉ ከሚያድለው ማዋቀሪያ ፋይል ጋር የመጣ ነው። # አድርጌበት ወጥቼ ገባሁ።

አሁን በሁሉም ታብ ላይ አድራሻው አንድ ነው፦ /ረን/ዩዘር/1000/ኪይሪንግ/ኤስኤስኤች።

ጊት ፑል ስል በተርሚናሉ ፋንታ ትንሽ መስኮት ብቅ ብሎ ፓስፍሬዙን ጠየቀኝ። ከሥሩ «በገባሁ ቁጥር ይህን ቁልፍ በራሱ ይክፈት» የሚል ሳጥን አለው። ምልክት አደረግኩበት። በየታቡ መጠየቁ ቆመ፣ እግዜር ይስጥልኝ!

ሪስታርት ሳደርግ ግን ሌላ መስኮት መጣ። ይሄኛው የሚለው የሎግኢን ኪይሪንግ አልተከፈተም ነው። የመግቢያ ፓስወርዴን ስሰጠው ያልፋል። ይህስ ከምን መጣ?

ማሂ_ሊኑክስ ጻፈች፦

ይህ በራሱ ከመግባቱ የመጣ ነው። መጀመሪያ ላይ «ያለ ፓስወርድ ነው የሚከፈተው» ስትል ይህን ጠብቄ ነበር።

አሁን የምታናግረው የጊኖምን ኤጀንት ነው። ሳጥኑ ላይ ምልክት ስታደርግ ፓስፍሬዝህን ኪይሪንግ በሚባለው ማስቀመጫ ውስጥ አኖረልህ። ኪይሪንጉ ራሱ የተቆለፈው በመግቢያ ፓስወርድህ ነው። በተለምዶ ስክሪኑ ላይ ፓስወርድህን ስትጽፍ ፓም የሚባለው ክፍል ያንኑ ፓስወርድ ወስዶ ኪይሪንጉንም ይከፍተዋል። አንተ ግን ስትገባ ምንም አትጽፍም። ኪይሪንጉ መክፈቻ አላገኘም፤ ስለዚህ አንተኑ ይጠይቃል።

የኔ ምክር አውቶሎግኢኑን አጥፋው ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ዩዘርስ የሚለው ጋ ታገኘዋለህ። መብራት ሲመለስ አንዴ ፓስወርድ ትጽፋለህ፣ ኪይሪንጉም የኤስኤስኤች ቁልፉም አብረው ይከፈታሉ። አንድ ፓስወርድ፣ አንድ ጊዜ። አውቶሎግኢኑን የግድ የምትፈልገው ከሆነ ደግሞ አሁን ያለህበት ሁኔታ መጥፎ አይደለም፤ በአንድ ማስነሳት አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቅህ።

አንዳንድ ሰው የኪይሪንጉን ፓስወርድ ባዶ አድርግ ይልሃል። እሺ እንዳትል። ውስጡ ያለው ሁሉ፣ ብራውዘሩ ያኖረው ሚስጥር ጭምር፣ ሳይቆለፍ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል።

ሌላው ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ የራሱን አካውንት ክፈቱለት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ቁልፍህ ኤጀንቱ ውስጥ ክፍት ሆኖ ሳለ ባንተ አካውንት የተቀመጠ ሰው ፓስፍሬዙን ባያውቅም ባንተ ስም ፑሽ ማድረግ ይችላል። ለአፍታ ስትነሳም ስክሪኑን ቆልፍ።

ሰላም_ሜሪላንድ ጻፈች፦

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሰላም። እኔ አርች ሊኑክስ ነው ያለኝ። እንደ ደጀን ሳይሆን የኔ ኤስኤስኤች_ኦዝ_ሶክ ተለዋዋጭ ከአንድ አፕዴት በኋላ ጭራሽ ባዶ ሆነ። ኤስኤስኤች-አድ -ኤል ደግሞ ኤጀንቱን ማግኘት አልቻልኩም አለ።

ምክንያቱ ጊኖም ኪይሪንግ ከስሪት 46 ጀምሮ የራሱን የኤስኤስኤች ኤጀንት በነባሪ መተዉ ነው። ሥራው ጂሲአር ወደሚባለው ክፍል ተዛውሯል። የፈታልኝ ይህ ነው፦

ሲስተምሲቲኤል --ዩዘር ኢኔብል --ናው ጂሲአር-ኤስኤስኤች-ኤጀንት.ሶኬት

አዲሱ አድራሻ /ረን/ዩዘር/1000/ጂሲአር/ኤስኤስኤች ነው። ወጥታችሁ ስትገቡ ተለዋዋጩ ካልተሞላ በአካባቢ ተለዋዋጮች ፋይል ውስጥ ራሳችሁ ጻፉት። 1000 የሚለው የተጠቃሚ ቁጥራችሁ ስለሆነ የናንተ ሊለይ ይችላል።

ረድኤት_ሲስአድሚን ጻፈ፦

ጥሩ ነው ሰላም። እግረ መንገዴን፣ የጊኖም ኤጀንቶች ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታ ነገር አለ። ~/.ኤስኤስኤች ውስጥ ያሉ ቁልፎችን ገና ሳይከፈቱም ይዘረዝራሉ። ስለዚህ ኤስኤስኤች-አድ -ኤል ቁልፉን ስላሳየ ተከፍቷል ማለት አይደለም። ደግሞ ቁልፉን የሚያውቁት መጨረሻው .ፐብ በሆነው የፐብሊክ ቁልፍ ፋይል ነው። ከድሮ ማሽን ቁልፍ ስታዛውሩ ፕራይቬቱን ብቻ ካመጣችሁ ኤጀንቱ አያየውም፤ ተርሚናሉ በየጊዜው ይጠይቃል። የጠፋውን በዚህ መልሱት፦

ኤስኤስኤች-ኪይጄን -ዋይ -ኤፍ የቁልፉ_ፋይል > የቁልፉ_ፋይል.ፐብ

የፕራይቬቱ ፋይል ፈቃድ ደግሞ 600 ይሁን፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት። ከፍላሽ ሲገለበጥ ፈቃዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይመጣል። ያኔ ኤስኤስኤች ቁልፉን አልጠቀምም ብሎ ይተወዋል፣ ቀጥሎ የሰርቨር ፓስወርድ መጠየቅ ይጀምራል።

ጊኖም ለሌላችሁ፣ ወይም ተራውን ኤጀንት ለምትጠቀሙ፣ ~/.ኤስኤስኤች/ኮንፊግ ውስጥ ይህን አስገቡ፦

ሆስት *
አድኪይስቱኤጀንት የስ

ፓስፍሬዙን መጀመሪያ ስትሰጡት ቁልፉ በራሱ ኤጀንቱ ውስጥ ይገባል። በእጅ ኤስኤስኤች-አድ ማለት ይቀራል። ከኦፕንኤስኤስኤች 7.2 ጀምሮ፣ ከ2016 ወዲህ ማለት ነው፣ ይሠራል።

የድሮው_መሐንዲስ ጻፈ፦

ልጆቼ ሰላም ናችሁ? ክሩን ተከታትዬ ያላችሁትን ሁሉ አደረግኩ። የኔ ግን ፓስፍሬዙን አንዳንዴ ይቀበለኛል፣ አንዳንዴ ትክክል አይደለም ይለኛል። የምጽፈው ያንኑ ነው። ደብዳቤም የምጽፈው በዚሁ ማሽን ስለሆነ የአማርኛ ኪቦርድ ጭኛለሁ። ይህ ይነካካ ይሆን?

ማሂ_ሊኑክስ ጻፈች፦

ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? በደንብ ይነካካል። ምናልባትም ችግሩ እሱው ነው።

ተርሚናል ላይ ፓስፍሬዝ ሲጻፍ ምንም አይታይም፣ ኮከብ እንኳ አይወጣም። ደብዳቤ ጽፈው ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ከመጡ የሚጽፉት በግዕዝ ፊደል ነው የሚገባው። አይታይም፣ ስለዚህ አያውቁትም። ለኤስኤስኤች ደግሞ ፓስፍሬዝ ማለት የባይት ተከታታይ ስለሆነ አይገጥምም። ተርሚናል ከመክፈትዎ በፊት ከላይ ያለውን የቋንቋ ምልክት ይዩት። ወይም ባዶ መስመር ላይ አንድ ፊደል ጽፈው ይሞክሩና ያጥፉት።

ሰርቨር ሳይነኩ ፓስፍሬዙ ልክ መሆኑን ለማየት ኤስኤስኤች-ኪይጄን -ዋይ -ኤፍ ብለው የቁልፉን ፋይል ይስጡት። ትክክል ከሆነ የፐብሊክ ቁልፉን ያወጣል። ስክሪኑ ላይ ቢታይም ጉዳት የለውም።

የድሮው_መሐንዲስ ጻፈ፦

እሱ ነው ልጄ! ተባረኪ። እንግዲያው ፓስፍሬዙን ራሱን በአማርኛ ባደርገውስ? ለማስታወስ ይቀለኛል።

ረድኤት_ሲስአድሚን ጻፈ፦

ይቻላል ጋሼ፣ ኤስኤስኤች አይከለክልም። ግን አልመክርዎትም። ዴስክቶፑ ተበላሽቶ በጥቁሩ ኮንሶል መግባት ቢያስፈልግዎ፣ ወይም የአማርኛ ኪቦርድ ያልተጫነበት ማሽን ላይ ቢቀመጡ፣ የሚጽፉበት መንገድ አያገኙም። የተረሳ ፓስፍሬዝ ደግሞ መልሶ ማግኛ የለውም፣ አዲስ ቁልፍ ማውጣት ነው። የሚያስታውሱትን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በላቲን ፊደል ይጻፉት። አምስት ስድስት ቃል ይሁን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ተረት ግን አይሁን።

ፍጥነት_09 ጻፈ፦

ረድኤት፣ ያልከውን አንብቤ ቁልፌን ቆለፍኩት። ቤት ያለው ማሽኔ ግን ዊንዶውስ ነው፣ ጊት ባሽ ላይ ያው የደጀን ችግር ገጠመኝ። ኤጀንቱን ሰርቪስስ ውስጥ አስነሥቻለሁ፣ በፓወርሼል ኤስኤስኤች-አድ ብዬ ቁልፉንም ሰጥቼዋለሁ። ጊት ግን መጠየቁን አልተወም።

ሰላም_ሜሪላንድ ጻፈች፦

ዊንዶውስ ላይ ሁለት ኤስኤስኤች ነው ያለህ። አንዱ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው፣ ሌላው ጊት ለዊንዶውስ ይዞት የመጣው። ቁልፉን የሰጠኸው ለመጀመሪያው ነው፣ ጊት የሚጠራው ሁለተኛውን ነው። አይተዋወቁም። ጊትን ወደ ዊንዶውሱ አዙረው፦

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኤስኤስኤችኮማንድ ሲ:/ዊንዶውስ/ሲስተም32/ኦፕንኤስኤስኤች/ኤስኤስኤች.ኤግዚ

የዊንዶውሱ ኤጀንት ሪስታርት ብታደርገውም ቁልፉን ይዞ ይቆያል፤ ሰርቪሱ ግን በነባሪ የጠፋ ስለሆነ አውቶማቲክ አድርገው።

ማክ ያላችሁ ኤስኤስኤች-አድ --አፕል-ዩዝ-ኪይቼይን ብላችሁ ቁልፉን ስጡት፣ ኮንፊጉ ውስጥ ደግሞ ዩዝኪይቼይን የስ እና አድኪይስቱኤጀንት የስ ጻፉ። ያንኑ ኮንፊግ ሊኑክስ ላይም የምትጠቀሙ ከሆነ ሊኑክሱ ዩዝኪይቼይንን አያውቀውምና ይቆማል። ከላዩ ኢግኖርአንኖውን ዩዝኪይቼይን የሚል መስመር ጨምሩ።

ደጀን_ኮድ ጻፈ፦

አውቶሎግኢኑን አጠፋሁት፣ ለሌላውም ልጅ የራሱን አካውንት ከፈትኩለት። ስገባ አንዴ ፓስወርድ፣ ከዚያ ዝም። በጣም ነው የማመሰግናችሁ።

አንድ የቀረችኝ ነገር አለች። ሌሊት ሌሊት በክሮን (በተቀጠረ ሰዓት ሥራ የሚያስነሳ ፕሮግራም) የሚሠራ ባካፕ አለኝ፣ በአርሲንክ (ፋይል ገልባጭ ፕሮግራም) ወደ ሰርቨር ይልካል። በእጄ ሳስኬደው ይሠራል። በክሮን ሲሆን ፐርሚሽን ዲናይድ ብሎ ይቆማል። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ባስኬደውም አልሆነም።

ረድኤት_ሲስአድሚን ጻፈ፦

ክሮን ያንተን ዴስክቶፕ አካባቢ አይወርስም፣ ኤስኤስኤች_ኦዝ_ሶክ እሱ ጋ ባዶ ነው። ፓስፍሬዝ የሚጽፍለት ሰውም የለም፣ ስለዚህ ይወድቃል። ሱዶ ደግሞ ባሰበት፦ ሩት የሚባለውን ዋና አስተዳዳሪ ሆኖ ስለሚሄድ ያንተን ኤጀንትም ያንተን ቁልፍም አያይም፣ የሩትን ፎልደር ነው የሚፈልገው። ጊትንም በሱዶ አታስኪድ፤ ፋይሎቹ የሩት ይሆኑና ሌላ ጣጣ ያመጣሉ።

እዚህ ላይ ፓስፍሬዝ የሌለው ቁልፍ ቦታ አለው፣ ግን ያንተው ዋና ቁልፍ አይሁን። ለባካፕ ብቻ አዲስ ቁልፍ አውጣ። ሰርቨሩ ላይ ኦተራይዝድ_ኪይስ (የሚቀበላቸው ቁልፎች ዝርዝር) ፋይል ውስጥ ከቁልፉ መስመር ፊት ሪስትሪክት የሚለውን ቃል ጻፍ። ተርሚናል መክፈት፣ ፖርትና ኤጀንት ማስተላለፍ ሁሉ ይከለከላል። ቀጥሎ ኮማንድ= ብለህ አርአርሲንክን ከባካፕ ፎልደሩ ጋር አስገባ። አርአርሲንክ ከአርሲንክ ጋር የሚመጣ ስክሪፕት ነው፣ ገቢውን በዚያ ፎልደር ብቻ ይወስነዋል። የሰርቨሩ አርሲንክ አዲስ ከሆነ -ኖ-ዴል የሚለውንም ጨምርበት፤ ያኔ ቁልፉን የሰረቀ ሰው የቆዩ ባካፖችህን በአርሲንክ ማጥፊያ ሊሰርዛቸው አይችልም።

ክሮኑ ውስጥ አርሲንክ -ኢ "ኤስኤስኤች -አይ የባካፑ_ቁልፍ -ኦ አይደንቲቲስኦንሊ=የስ -ኦ ባችሞድ=የስ" በለው። ባችሞድ ካለ ኤስኤስኤች ሌሊት መልስ እየጠበቀ አይቀመጥም፣ ካልተሳካለት ወዲያው ስህተቱን ሎጉ ላይ ጽፎ ይወጣል። ከክሮኑ በፊት አንዴ በእጅህ አስኪደው፣ ሰርቨሩን ኖውን_ሆስትስ (የታወቁ ሰርቨሮች ዝርዝር) ውስጥ እንዲመዘግብ። ሎጉን ነገ ጠዋት ለጥፍልን፣ አብረን እናየዋለን።